የድሮ ቼይንሶ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ፦ የሚፈሰው ከየት ነው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እጄ ላይ ያለው ቼይንሶ (የሞተር መጋዝ) እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ነው፤ ገላው ማግኒዥየም፣ ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚደባልቀው ክፍል) ባለ ዲያፍራም፣ ማለትም ባለ ስስ ተጣጣፊ ሽፋን። በሦስተኛው ስበት ይነሳል፣ ድምፁም ጤነኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ካጠፋሁት በኋላ ነው። ታንከሩን ሞልቼ ባሳደርኩት ቁጥር ጠዋት ከሥሩ መዳፍ የሚያህል እርጥብ አገኛለሁ፤ ክፍሉም በቤንዚን ሽታ ይታፈናል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክዳኑን ስለነበር የክዳኑን ጎማ ቀየርኩ። በክዳኑ ዙሪያ የነበረው መፍሰስ ቆመ። በማግስቱ ግን ከአየር ፊልትሮው ሥር፣ ቀድሞ ደረቅ ከነበረ ቦታ መንጠባጠብ ጀመረ። አንዱን ስደፍን ሌላው ለምን ተከፈተ? ሙሉ የጋስኬት (የመጋጠሚያ ማተሚያ) ኪት ገዝቼ ሁሉንም ልቀይር ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምላሾቹ ክር ረዘመ፤ መሃል ላይ ተካረረ፤ ሁለት ጊዜም ከርዕሱ ወጣ። እንደኔ ሲያንጠባጥብበት ለሚጨነቅ ሰው ይጠቅማል ብዬ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ።

ምላሽ 1። አጭርና ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ከሁሉ በፊት የሚፈሰው ቤንዚን መሆኑን አረጋግጥ አለኝ። ቼይንሶ ሁለት ታንከር አለው፤ አንዱ የነዳጅ፣ ሌላው የሰንሰለት ዘይት፤ በድሮ ማሽን ላይ ሁለተኛው ሲያፈስ ማደሩ የተለመደ ነው። ዘዴው ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፎ ማሳደር ነው። ቤንዚኑ ተንኖ ይጠፋል፤ የተቀላቀለበት ዘይት ስስ ክብ ምልክት ይተዋል እንጂ ጠብታ ሆኖ አይቀመጥም። የሰንሰለት ዘይት ግን ወፍራም ነው፤ በጣት ሲነኩት እንደ ክር ይሳባል፤ ፀሐይ ቢውልበትም አይደርቅም። ሽታው የቤንዚን መሆኑን እርግጠኛ ስለነበርኩ ይህን ምክር ያን ጊዜ ብዙም ቦታ አልሰጠሁትም።

ምላሽ 2። አንዱን ስደፍን ሌላው ለምን ተከፈተ ላልኩት የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ የሰጠኝ ይህ ነው። የታንከሩ መተንፈሻ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ወደ ውጭ ግን አያስወጣም። ሥራው ሞተሩ ነዳጅ በሳበ መጠን ቦታውን በአየር መተካት ነው፤ ከተደፈነ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፣ ክዳኑ ሲላላ ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። ማሽኑ ሞቆ ሲቀመጥ በታንከሩ ውስጥ ያለው ተን ይስፋፋና ግፊት ይፈጠራል። የኔ አሮጌ የክዳን ጎማ ያንን ግፊት ቀስ እያለ ሲለቅ ኖሯል። አዲሱ ጎማ በሩን ሲዘጋው ግፊቱ በነዳጅ ቱቦው አድርጎ ወደ ካርቡሬተሩ ሄደና እዚያ ያለውን ደካማ ቦታ አገኘ። ስለዚህ ክዳኑ ጥፋት አልሠራም፤ የተደበቀውን ነው ያወጣው። ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት ክዳኑን አላልቶ ማሳደር ይበቃል ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። ጸሐፊው ሁለት ነገር አስቆጥቶታል። አንደኛው ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ማሽን ሰው በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ማሳደሬ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ከሩቅ ያለ እሳትም ያገኘዋል፤ እሳትና ጭድ አብረው አያድሩም አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያው ምሽት ታንከሩን አራግፌ ማሽኑን ወደ ውጭ አወጣሁት። ሁለተኛው ቁጣው ሁሉንም ልቀይር ማለቴ ላይ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ ያልተፈተነ ማሽን ላይ ዕቃ መቀየር ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው አለ። ማድረግ ያለብኝንም በዝርዝር ጻፈ፦ የነዳጅ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀል፣ መተንፈሻውን ድፈን፣ በቱቦው በኩል ግፊት መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ አየር ስደድ፣ 0.5 ባር ላይ አቁም፤ መርፌው ከወረደ የሳሙና ውኃ ቀባና አረፋውን ተከተል። በአፍ መንፋትም ሆነ ቤንዚን በአፍ መሳብ ፈጽሞ እንዳይሞከር አጥብቆ አስጠነቀቀ።

ምላሽ 4። እንዲህ ያለ ፓምፕ ለሌለው የደም ግፊት መለኪያን አስታወሰ። የጎማ ኳሱና ሰዓቱ ከቱቦ ጋር ይገጥማሉ፤ ሰዓቱ የሚያሳየው እስከ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ ወደ 0.4 ባር ያህል ይደርሳል። ለታንከሩና ለቱቦው ይህ ይበቃል፤ ለካርቡሬተሩ መርፌ (የነዳጁን መግቢያ ለሚከፍተውና ለሚዘጋው) ግን ያንሳል ሲልም ጨመረ። አንዴ ቤንዚን የነካው መለኪያ ተመልሶ ሰው ላይ እንዳይውል ማሳሰቡን ወደድኩለት።

ምላሽ 5 የኔ ነበር። ክዳኑን አላልቼ፣ ከሥሩ ወረቀት አንጥፌ፣ ከቤት ውጭ በመጠለያ አሳደርኩት። ከአየር ፊልትሮው ሥር የነበረው ጠብታ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ የ2ኛው ምላሽ ጸሐፊ በዚህ ልክ ነበረ። ነገር ግን ወረቀቱ በሌላ በኩል እርጥብ ነበር። ታንከሩን ስከፍተው ነዳጁ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሌላ ሌሊት ደግሜ ሳሳድረው ከግማሽ በታች አልወረደም። ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባኝ እንዳለ ጻፍኩት።

ምላሽ 6። ከክሩ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ያላስተዋልኩትን ከራሴ ጽሑፍ አንብቦ አወጣው። ፈሳሽ ከቀዳዳው ከፍታ በታች ሲሆን አይፈስም። ታንከሩ ግማሽ ላይ ቆመ ማለት ቀዳዳው በግማሽ ከፍታ ላይ አለ ማለት ነው፤ በዚያ ከፍታ ደግሞ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የነዳጅ ቱቦው በታንከሩ ግድግዳ አልፎ የሚወጣበት የጎማ ቀለበት። የታንከሩ ወለል ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው ያልቅ ነበር። ቀጥሎ ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ አትመን አለ። ቤንዚን ስስ ነው፤ በገላው ሸንተረር ተንሸራትቶ፣ በብሎን ጭንቅላት ዞሮ፣ ከምንጩ አንድ ስንዝር ርቆ ነው የሚንጠባጠበው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለውን ጠቅሶ፣ ገላውን በሚገባ ካጸዳሁና ካደረቅሁ በኋላ የሕፃን ፓውደር ወይም የጠመኔ ዱቄት ስስ አድርጌ እንድነሰንስበት መከረኝ። ዱቄቱ መጀመሪያ የሚጠቁርበት ቦታ ምንጩ ነው።

ነሰነስኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በጎማ ቀለበቱ ዙሪያ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቁር መስመር ወጣ። የዕቃ ኪቱን ትዕዛዝ በዚያው ሰዓት ሰረዝኩ።

ምላሽ 7። ምንጩ ከታወቀ ሥራው ቀላል ነው ብሎ፣ ቱቦው የሚወጣበትን ዙሪያ ሲሊኮን ቀብቶ ማድረቅ እንደሚበቃ ጻፈ። ራሱ አድርጎት ሁለት ወር ሙሉ ጠብታ አላየም።

ምላሽ 8። በዚህ ላይ የመጣው መልስ ስለታም ነበር። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከያዘው ግድግዳ ይላቀቃል፤ የተላቀቀው ቁራጭ ታንከሩ ውስጥ ሲወድቅ ወደ ነዳጅ ፊልትሮው፣ ከዚያም ወደ ካርቡሬተሩ ወንፊት ይሄዳል። ጸሐፊው በሲሊኮን የተጠገኑ ማሽኖችን በመክፈት ብዙ ቀን ማባከኑን ነገረን፤ 7ኛውንም እንዲህ ያለ ምክር ለጀማሪ መስጠት ኃላፊነት የጎደለው ነው አለው።

ምላሽ 9። የ7ኛው ምላሽ ባለቤት ተመለሰ፣ ተከፍቶ። ሰው የሠራለትን መናገሩ ወንጀል እንዳልሆነ፣ ሁለት ወር ደግሞ ለእሱ በቂ ማስረጃ እንደሆነ ጻፈ። እኔ በጉዳዩ ከ8ኛው ጋር ነኝ፤ ግን አነጋገሩ ትንሽ ቢለሰልስ ኖሮ 7ኛውም ይሰማ ነበር። በኋላ እንደምታዩት ሰውየው መጨረሻ ላይ ሐሳቡን ቀይሯል።

ምላሽ 10። በዕድሜ የገፉ ሰው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። በነዚህ ማሽኖች ላይ ዕድሜያቸውን እንደፈጁ ገልጸው አንድ ታሪክ አወሩ። በወጣትነታቸው የሚሠሩበት ቼይንሶ እንደኔው በቱቦው ሥር ቤንዚን ያንጠባጥብ ነበር። የምትፈሰው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነች ችላ አሏት። አንድ ቀን ታንከሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሞተሩ ያለ ወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ መጮኽ ጀመረ። ጉልበት ያገኘ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ እንጨቱንም ገፉበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ እንደተመታ ቀጥ አለ። ሲከፈት ፒስተኑ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል ተፍቆ፣ ቀለበቶቹ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቀው ተገኙ።

ማስረዳታቸው እንዲህ ነበር። ማሽኑ ቆሞ ሳለ ቤንዚን የሚወጣበት ስንጥቅ፣ ማሽኑ ሲሠራ አየር የሚገባበት ስንጥቅ ነው። የካርቡሬተሩ ፓምፕ በቱቦው በኩል ይስባል፤ ስንጥቁ ከነዳጁ በላይ ሲሆን ከቤንዚን ጋር አየር ይመጣል። ድብልቁ ይሳሳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚመጣው ዘይት ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። በሥራ መሃል ሞተሩ ሳያዙት ፍጥነቱን ከጨመረ ወዲያው አጥፉት ብለው ለመኑን። ለመኑን የምለው እንደዚያ ስለተሰማኝ ነው፤ ያ ፒስተን ዛሬም እንደሚቆጫቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ራሱ ተቀየረብኝ። እስከዚያ ድረስ የማስበው ስለሚባክነው ቤንዚንና ስለ ሽታው ብቻ ነበር።

ምላሽ 11። ስለ ቱቦው ዓይነት የተጻፈ፣ እርጋታ የሞላበት ትምህርት ነበር። የድሮ የጎማ ቱቦ የሚደርቀው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ኤታኖል (አልኮል) የተቀላቀለበት ቤንዚን ለዚያ ዘመን ጎማ አልተስማማውም። አንዳንዱን ያሳብጠዋል፤ ሌላውን ደግሞ ከደረቀ በኋላ ተሰባሪ ያደርገዋል። ኤታኖሉ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲበዛም ውኃውና ኤታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይተው ታንከሩ ሥር ይተኛሉ፤ የማግኒዥየም ታንከር ከውስጥ የሚበላውም በዚያ ነው። ለምትክ ቤንዚን የሚችል ቱቦ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጠጋኞች ታይጎን የሚባለውን ቢጫ የነዳጅ ቱቦ ይመርጣሉ። ተራ የውኃ ፕላስቲክ ቱቦ በሳምንታት ውስጥ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ የሲሊኮን ቱቦ ደግሞ በ8ኛው በተጠቀሰው ምክንያት አይሆንም። ለኦሪንግ (ለክብ የጎማ ማተሚያ) እና ለመርፌ ጫፍ ቫይተን የሚባለው ጎማ ከተራው የነዳጅ ጎማ የበለጠ ኤታኖልን ይቋቋማል። የቱቦው ውጫዊ ውፍረት ከግድግዳው ቀዳዳ ትንሽ መብለጥ አለበት፤ ጎማው ተጨንቆ ሲገባ ነው የሚያትመው። ጫፉን በረጅሙ በሰያፍ መቁረጥ፣ በድብልቅ ነዳጅ ማርጠብ፣ ሹል ጫፉን በቀዳዳው አሾልኮ በፒንሳ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከዚያ ሰያፉን ቆርጦ መጣል። ውስጥ የሚቀረው ርዝመት የነዳጅ ፊልትሮው በራሱ ክብደት ወደ ታንከሩ ጥግ ሁሉ እንዲደርስ የሚበቃ ይሁን እንጂ እስኪጣጠፍ አይርዘም።

ምላሽ 12። ማሽኑ የ1960ዎቹ መሆኑን ያየ አንድ ሰው ወደ ታሪክ ወሰደን። ባለ ዲያፍራም ካርቡሬተር ከመምጣቱ በፊት ቼይንሶዎች ተንሳፋፊ ኳስ ባለው ካርቡሬተር ይሠሩ ነበር፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበት ዛፍ አግድም ለመቁረጥ ሰንሰለት የሚሮጥበትን ብረት ለብቻው ማዞር ግድ ነበር። ዲያፍራም ሲመጣ ማሽኑን በማንኛውም አቅጣጫ ገልብጦ መሥራት ተቻለ። የጀርመኑ ቼይንሶ ሠሪ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ኮንትራ የተባለው ማሽን ጊር የሌለው፣ ሰንሰለቱን በቀጥታ የሚነዳ ነበር። ከዚያ ወደ ሰንሰለቱ ተሻገረ፦ ጆ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ የጥንዚዛ እጭ እንጨት ውስጥ ግራና ቀኝ እየበላች ስትገባ አይቶ የጥርሱን ቅርጽ ከእሷ መውሰዱን ተረከልን። ከርዕስ መውጣት ነው፤ ግን ባይወጣ ኖሮ እኔ ያንን አላውቅም ነበር።

ምላሽ 13 እና 14። ከታሪኩ ወደ ቤንዚንና ዘይት ድብልቅ መጠን ተዞረና ነገሩ ጦፈ። 13ኛው በድሮ ማሽን ክዳን ላይ 16 ለ 1 ተብሎ ከተጻፈ 16 ለ 1 ነው፣ ማለትም በ1 ሊትር ቤንዚን 62 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት፤ ሠሪው ከሚያውቀው በላይ የሚያውቅ የለም አለ። 14ኛው ያ ቁጥር የተጻፈው ለዚያ ዘመን ዘይት ነው፣ ዛሬ ለባለ ሁለት ምት ሞተር በሚሠራ ጥሩ ዘይት 50 ለ 1፣ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል ብሎ ተከራከረ። 13ኛው 14ኛውን ሞተር ገዳይ አለው። 14ኛው 13ኛውን ማርሚታ ደፋኝ ብሎ መለሰ። በመሃላቸው አንድ ጠቃሚ ነጥብ ጠፍታ እንዳትቀር ላንሳት፦ ዘይት ሲበዛ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚቀንስ ድብልቁ ለአየሩ ይሳሳል፤ መጠኑን የቀየረ ሰው ካርቡሬተሩን እንደገና ማስተካከል አለበት። ይህን ሁለቱም ተስማምተውበታል፣ መስማማታቸውን ግን አላስተዋሉም። እኔ 25 ለ 1 ላይ ነኝ፣ በ1 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር።

ምላሽ 15። የ3ኛው ምላሽ ጸሐፊ ተመልሶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አዘዘ። ማዘዝ ነው የሆነው።

ምላሽ 16። አዲስ ሰው ገባ። እስካሁን የተባለውን ሳያነብ ታንከሩ ማግኒዥየም ከሆነ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ወደ ብየዳ ቤት ወስጄ እንዳስበይደው መከረ። ነዳጁን ማራገፍ እንደሚበቃም ጻፈ።

ምላሽ 17። ክሩ ውስጥ ከዚህ የከረረ የለም፤ እኔም ከዚህ በላይ ተገቢ የሆነ ቁጣ አላየሁም። ጸሐፊው ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው አለ፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ተን ነውና። ማራገፍ ተኑን አያወጣም። ማግኒዥየም ደግሞ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፤ ውኃው ሃይድሮጂን ይሰጠውና ያባብሰዋል። እንዲህ ያለውን እሳት የሚያዳፍነው በደንብ የደረቀ አሸዋ ወይም ለብረት እሳት ተብሎ የተሠራ ማጥፊያ ብቻ ነው። ማግኒዥየም የሚበየድ ብረት መሆኑን አልካደም፤ ግን ሥራው የባለሙያ ነው፣ ታንከሩም ፈጽሞ ታጥቦ ተኑ የወጣ መሆን አለበት። ምክሩን የሰጠውን ሰው ጽሑፉን እንዲያነሳ ጠየቀው። ሰውየው አላነሳም፣ መልስም አልሰጠም።

ምላሽ 18። ጋሼ በእርጋታ ገቡ። የ17ኛው ቁጣ ሰው ከማዳን የመጣ ስለሆነ ማንም እንዳይቀየም ጠይቀው፣ በርግጥ የፀጉር ስንጥቅ ያለበት የማግኒዥየም ታንከር ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ አስረዱ። ታንከሩን ማራገፍ፣ በአየር ላይ ቀናት ማቆየት፣ የስንጥቁን ዙሪያ በሸካራ ወረቀት እስኪያበራ መፋቅ፣ ስቡን ማስወገድ፣ ከዚያ ቤንዚን የሚችል ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ቀብቶ ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ መታገስ። ስብ የቀረበት ቦታ ላይ የተቀባ ኢፖክሲ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለፕላስቲክ ታንከር ነገሩ ይለያል፤ ፖሊኤቲሊን ከሆነ ማጣበቂያ አይዘውም፣ ሌላ ታንከር መፈለግ ይሻላል። ለኔ ግን ዱቄቱ ምንጩን ስላሳየ ይህ ሁሉ እንደማያስፈልገኝ አስታወሱኝ።

ምላሽ 19። የቀረው የአየር ፊልትሮው በኩል ያለው ጠብታ ነበር። ጸሐፊው ካርቡሬተሩ ላይ የተመታውን ፊደል ጠየቀኝ፤ ኤችኤስ ይላል አልኩ። እንግዲያው ሠሪው ቲሎትሰን ነው ብሎ ቀጠለ። የ2ኛውን ምላሽ ትክክል ነው አለ፣ አንድ ነገር ግን አረመው፦ የሞቀ ታንከር ግፊት መኖሩ ጤናማ ነው፤ ጤናማ መርፌ ያንን ግፊት ችሎ መዝጋት አለበት። ስለዚህ ክዳኑን አላልቶ መኖር መፍትሔ አይደለም። በካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማንሻ አለች፤ በአንድ ጫፏ መርፌውን ትይዛለች፣ በሌላው ዲያፍራሙ ይጫናታል። በዚህ ዓይነት ካርቡሬተር የማንሻዋ ጫፍ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ከፍ ካለች ዲያፍራሙ ዘወትር ይጫናታል፣ መርፌውም ፈጽሞ አይዘጋም። ሌሎች ሠሪዎች የየራሳቸው መለኪያ ስላላቸው ይህን ልክ ወደ ዋልብሮ ወይም ወደ ሌላ መውሰድ አይገባም።

ቀጥሎ የጠቀሰው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በማንሻዋ በኩል መጀመሪያ ጋስኬቱ በገላው ላይ ይገባል፣ ከዚያ ዲያፍራሙ። በፓምፑ በኩል በአብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ዲያፍራሙ ገላውን ይነካል፣ ጋስኬቱ ክዳኑን። አንዳንድ የድሮ ሥሪት ግን ስለሚለይ ሲፈታ ፎቶ ማንሳት ግዴታ ነው። የመርፌውን መቀመጫ በጥጥ እንጂ በብረት መፋቅ፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መውጋት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ከዚያ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

ምላሽ 20። እንደገና እኔ፣ የሠራሁትን ይዤ። የድሮው ቱቦ ቀለበቱ ውስጥ ስነካው እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ። የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቴ ዳስሼ ጭረት እንደሌለው ካረጋገጥኩ በኋላ አዲሱን ቀለበትና ቱቦ በ11ኛው ምላሽ መሠረት አስገባሁ፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ገባ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ሰያፉን አጭር ስለቆረጥኩት ተበላሹ። ካርቡሬተሩን ስከፍተው ማንሻዋ ከወለሉ 1 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብላ ቆማለች። ከኔ በፊት የከፈተው ሰው ብዙ ነዳጅ እንዲሰጥ ፈልጎ አጥፏት ይሆናል። የመርፌው ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ አውጥቷል። መርፌውን፣ ሁለቱን ዲያፍራሞችና ጋስኬቶቻቸውን ቀየርኩ፣ ማንሻዋን ከወለሉ እኩል አደረግሁ። ከመግጠሜ በፊት በነዳጅ መግቢያው በኩል አየር ሰድጄ 0.5 ባር ላይ አቆምኩት፤ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ታንከሩንም በደም ግፊት መለኪያ ፈተንኩ፣ ያዘ። በመጨረሻ ካንዴላውን አውጥቼ አየሁት፤ ቀለሙ ነጣ ያለ ነበር፣ አየር ሲገባበት መኖሩን ያሳያል። የጋሼ ፒስተን ትዝ አለኝ።

ምላሽ 21። እንኳን ደስ ያለህ ካለ በኋላ ያልጠየቅሁትን አነሳ። ይህ ዕድሜ ያለው ማሽን የሰንሰለት ፍሬን የለውም፤ ብረቱ ጫፉ ላይ ተመቶ ወደ ቆራጩ ፊት ሲመለስ የሚያስቆመው ነገር የለም። ስለዚህ ጠግነህ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው እንጂ ዛፍ ላይ አትውጣበት አለኝ። 13ኛውና 14ኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሆነው ተቃወሙት። እኔ ግን በአብዛኛው ከእርሱ ጋር ነኝ። መሬት ላይ የተኛ ግንድ ብቻ ነው የምቆርጥበት፤ ነዳጅም ሞተሩ ሳይበርድ አልሞላም፣ ከሞላሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቄ ነው የማስነሳው።

ምላሽ 22 እና 23። ማሽኑ ለወራት ሲቀመጥ ታንከሩ ይራገፍ ወይስ ሞልቶ ይቀመጥ በሚለው ተለያዩ። 22ኛው አራግፎ፣ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አስነስቶ ማድረቅን መረጠ፤ የቆየ ቤንዚን ቀዳዳዎቹን በሙጫ መሰል ነገር ይደፍናልና። 23ኛው ፍጹም የደረቀ ዲያፍራም ይጠነክራል ብሎ፣ ኤታኖል የሌለበት ነዳጅ ጥቂት መተውን መረጠ። ይህን የጻፈው ደግሞ የ7ኛው ምላሽ ባለቤት ነው። በመጨረሻው መስመር ሲሊኮን የቀባበትን ማሽን እንደከፈተው፣ ፊልትሮው ላይም ነጭ ቁርጥራጭ እንዳገኘ ጽፎ ለ8ኛው ምስጋና አቀረበ። 8ኛውም አመሰገነው፣ ስለ አነጋገሩም ይቅርታ ጠየቀ።

ምላሽ 24፣ የመጨረሻው፣ የኔ ነው። ታንከሩን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ግንድ ቆርጬ እንደሞቀ ነጭ ወረቀት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት በቱቦው በኩል ደረቅ፣ ከአየር ፊልትሮው ሥር ደረቅ። በቀኝ በኩል ግን፣ የሰንሰለቱ ብረት በሚገጠምበት ሥር፣ የጣት ጫፍ የምታህል አንዲት ክብ ነበረች። ልቤ ደነገጠ። ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አውጥቼ እስከ ቀትር ጠበቅኩ፤ አልደረቀችም። በጣቴ ነካኋት፣ እንደ ክር ተሳበች። የ1ኛውን ምላሽ ጸሐፊ ዘግይቼም ቢሆን አመስግኜ፣ የዘይት ፓምፑን ጋስኬት ለመፍታት ብሎኖቹን ማላላት ጀመርኩ።